የጎማሽ መሃል ተሟሽቷል፣ ጠርዙ ግን ገና ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የባሕር ዳር ነዋሪ ናት። ብስክሌት ከልጅነቷ ጀምሮ ትነዳለች። አሁን ለመስክ ሥራ በ150 ሲሲ ሞተር ወደ ወረታ መስመር ትመላለሳለች። በቅርቡ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ አስቀየረች። ጎሚስታው “የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ረጋ በይ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ” አላት። ወረታ ደርሳ ስትመለስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሞላ። ከተማ ስትገባ ካፊያ ጥሎ ነበር። አንዱን አደባባይ ስትዞር የኋላው ጎማ ሸርተት አለባት። አልወደቀችም። “ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ኩርባ ሳይ እጄ ይደርቃል” ትላለች። አንድ ጓደኛዋ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው፣ ሌላው በቤንዚን እጠቢው፣ ሦስተኛው አየር ቀንሺለት ብለዋታል። ማንን ልስማ? ኩርባንስ እንዴት ልልመድ? አሮጌዎቹን ጎማዎችስ ላስቀምጣቸው ወይስ ልጣላቸው?

እህቴ፣ ከሦስቱ ጓደኞችሽ አንዳቸውንም አትስሚ። ጎሚስታው ግን ግማሹን እውነት ነግሮሻል። ሌላው ግማሽ ነው አደባባዩ ላይ የጠበቀሽ።

መጀመሪያ ሞተርሽን አቁሚና ከኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ በይ። መሃሉን እይው። ደብዝዟል፣ አቧራ ለብሷል፣ ስትዳስሺው ይሻክራል። አሁን ጣትሽን ቀስ እያልሽ ወደ ጎን ውሰጂው። ጠርዙ ጋ ስትደርሺ ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል። ትንንሾቹ የጎማ ፀጉሮችም ሳይቆረጡ ቆመው ታገኚያቸዋለሽ። ጎማው ሲሠራ አየር እንዲወጣ በቅርጽ ማውጫው ላይ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ፀጉር የሚመስለው በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣ ጎማ ነው። ጥቅምም ጉዳትም የለውም። ግን ይመሰክራል። ፀጉሩ የቆመበት ቦታ አስፋልት ነክቶ አያውቅም።

120 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ ብለሻል። የሄደው መሃሉ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው መንገድ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ በተለይ ፎገራ ከገባሽ በኋላ ግራና ቀኝ የሩዝ ማሳ፣ ፊት ለፊት ቀጥ ያለ አስፋልት። ከተማውም ያው ነው። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ቀኑን ሙሉ ስትነጂ ውለሽ ሞተሩን አሥር ዲግሪ እንኳ ላታጋድሚው ትችያለሽ። አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ስታቋርጪው ግን ጎማሽ አንዲት ጣት ወደ ጎን አትሄድም። ከዚያ አደባባይ መጣ፣ ሞተሩ ተጋደመ። መሬት የነካው ጠርዝ ዜሮ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ያልተሟሸ ጎማ ነበር። በዚያ ላይ ካፊያው።

ብዙ የጎማ አምራቾች ለማሟሻ የሚሰጡት ቁጥር 100 ማይል ነው፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጎሚስታሽ 100 ከዚያው የመጣ ይመስለኛል፤ ማይሉ መንገድ ላይ ወድቆ ኪሎ ሜትር ሆነ። ያም ሆነ ይህ ቁጥሩ ላይ አትንጠልጠዪ። 160 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብላ የሄደች ሞተር ጠርዟ አሁንም አዲስ ነው። ጠርዙን የሚያሟሸው ማጋደም ነው፣ ቀስ በቀስ፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ ጨምሮ።

አዲስ ጎማ ለምን ያንሸራትታል? ጎማ በሙቀትና በግፊት በብረት ቅርጽ ውስጥ ይበስላል። ቅርጹ ልሙጥ ስለሆነ የጎማው ቆዳም ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ፋብሪካ ጎማው ከቅርጹ እንዳይጣበቅ የሚያላቅቅ ነገር ይቀባል፣ የእሱም ቅሪት ይኖራል። ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመሩት ኬሚካሎች ደግሞ በቆይታ ወደ ላይ ይወጣሉ። አስፋልት የሚይዘው ከሥር ያለው ጎማ ነው፤ ላዩ ተፍቆ እስኪነሳ ድረስ ሙሉ አቅሙን አታገኚም። ሌላም ነገር አለ። አዲስ ጎማ ቸርኬው ላይ በደንብ እስኪቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ፍሬን በኃይል መያዝ፣ ከቆመበት ተስፈንጥሮ መነሳት የማይመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ጓደኞችሽ ምክር ልመለስ። በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጊው አንዱን ቦታ አብዝተሽ፣ ሌላውን አሳንሰሽ ትፍቂዋለሽ። መንገዱ በነጻ የሚሠራውን ሥራ በእጅ አበላሽቶ መሥራት ነው። ቤንዚን የባሰ ነው። ጎማን ያደርቃል፣ ከእርጅና የሚጠብቁትንም ነገሮች ያወጣበታል። ማጠብ ካማረሽ ውሃና ሳሙና ይበቃል፣ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ። አየር መቀነስ ደግሞ ጎማውን ያልፈሰፍሰዋል። ኩርባ ላይ ሞተሩ ይዋዥቃል፣ ከመነዳሪውም ቸርኬ ውስጥ ሊንሸራተትና ሊቀደድ ይችላል። በዚህ መጠን ላሉ ብዙ ሞተሮች የተለመደው ከፊት 25፣ ከኋላ ለብቻሽ 28፣ ሰው ስትጭኚ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። የአንቺን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ካቴናው አካባቢ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቢ። ጠዋት ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኪው። አዲስ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደግመሽ አስለኪ።

እዚያው ቁጢጥ እንዳልሽ ሦስት አራት ነገር ተመልከቺ። የጎማው ጎን ላይ ቀስት አለ፤ ወደፊት ስትሄጂ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ማሳየት አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ስንቱን ጊዜ አይቻለሁ፣ በተለይ የፊቱን። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ አንድ ጎን ከተጋደመ ጎማው ከመነዳሪውን ይዞ ቸርኬው ላይ ዞሯል ማለት ነው፣ አስተካክልልኝ በይው። የተሠራበትን ቀን ደግሞ ከአራት አኃዞች ታነቢያለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1823 ቢል በ2023 እንደ ፈረንጆች፣ በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የከረመ “አዲስ” ጎማ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ካቴናውን አልረሳሁትም። ብዙ ሰው ካቴና በተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ሲዞር ይረጫል፣ የሚያርፈው ደግሞ የኋላው ጎማ ጠርዝ ላይ ነው። ጎማ ሲቀየር ካቴናው ተፈትቶ ይታሰራል፣ በዚያው “ትንሽ ዘይት ልጨምርልሽ” ይባላል። የአንቺም ጠርዝ በካቴናው በኩል ዘይት ነክቶት እንደሆነ በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርገሽ እይ። ጥቁር ቅባት ከወጣ የአደባባዩ ነገር ግማሹ ተፈታ።

ላቫጆ ደግሞ! ሞተርሽን ስታሳጥቢ ጎማውን ምንም እንዳይቀቡልሽ ቀድመሽ ተናገሪ። መኪና ላይ ጎኑን ብቻ ስለሚቀቡት ብዙም ችግር የለውም። ሞተር ግን የሚቆመው በመሃሉ ብቻ አይደለም። ያ የሚያምረው ጥቁር ማብለጭለጭ አደባባይ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጎማ ማሟሸትና ኩርባ መልመድ ሁለት ሥራ አይደሉም። ጎማው የሚፈልገው በትንሹ ተጋድሞ፣ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። የደነገጠ ሰውም የሚፈልገው ያንኑ ነው። አብራችሁ ትማራላችሁ።

እሑድ በማለዳ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን፣ ትራፊክ የማይገባበት ሰፊ ቦታ ፈልጊ። ግቢ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅጂ። ኮረኮንችና አሸዋ ካለ ጥረጊው፣ መጥረጊያ ይዘሽ መሄድ አያሳፍርም። ከመሃል እስከ ጠርዝ 15 ሜትር የሚሆን ክብ በኖራ ወይም በትንንሽ ጠጠር አመልክቺ። ይህ የትንሽ አደባባይ ያህል ነው። መጀመሪያ በ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዙሪ። ሞተሩ ሰባት ዲግሪ አካባቢ ይጋደማል፣ ምንም አይሰማሽም። በ20 ስትዞሪ 12 ዲግሪ ይደርሳል። በ25፣ 18 ዲግሪ። በ30፣ 25 ዲግሪ። እዚህ ላይ አቁሚ፣ ለከተማ ከበቂ በላይ ነው። ያንኑ ክብ በ40 ብትዞሪው ግን 40 ዲግሪ ይጠይቅሻል፤ ብዙ ተራ ሞተሮች እዚያ ገደማ የእግር መርገጫቸው መሬት ይነካል። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 40 የጨመረው ሲሶ ያህል ነው፣ ከጎማው የሚጠየቀው ጉልበት ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነው። “ትንሽ ነው የጨመርኩት፣ ለምን ወደቅሁ?” የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ።

በየደረጃው ብዙ ጊዜ ዙሪ፣ ሲሰለችሽ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፊው። በመሃል ውረጂና ጎማውን እይው። ደብዛዛው ክፍል ወደ ጠርዙ እየሰፋ ሲሄድ ይታያል። ይህን ስታዪ ልብሽም ይደላደላል። ጠርዙ ላይ አንድ ጣት የሚያክል ሳይነካ ቢቀር አትጨነቂ። እስከ ጫፍ ላሟሸው ብሎ አደባባይ ላይ ሞተር የሚያስተኛ ወጣት አለ፣ ቲክቶክ አይቶ። እሽቅድምድም ላይ 60 ዲግሪ የሚጋደሙት ሰዎች ጎማቸው ሌላ ነው፣ ከመነሳታቸው በፊት በማሞቂያ ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ መንገዱም በሬ አይሻገርበትም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልንገርሽ። የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ አደባባይ የምንዞረው በግራ ተጋድመን ነው። ወደ ቀኝ የምንጋደመው ስንገባና ስንወጣ ለአፍታ ብቻ ነው። በከተማ ብቻ የምትነጂ ከሆነ የግራው ጠርዝ ቶሎ ይሟሻል፣ የቀኙ ይዘገያል። “ጎማዬን ለምጄዋለሁ” ብለሽ አንድ ቀን ወደ ቀኝ ጠበብ ያለ ኩርባ ስትገቢ ያልተሟሸው ጠርዝ ይቀበልሻል። ስለዚህ ክቡን በግራ የዞርሽውን ያህል በቀኝም ዙሪ። መጨረሻ ላይ ሁለት ክብ አጋጥመሽ ስምንት ቁጥር ሥሪ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማለፉ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

አነዳዱን በተመለከተ ብስክሌት ነጂ መሆንሽ ጠቅሞሻል። ሰውነትሽ ማጋደም ያውቃል፣ የጠፋብሽ እምነቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ሞተር ከባድ ስለሆነ ትከሻሽን ስላዘነበልሽ ብቻ ቶሎ አይታጠፍልሽም። ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስትሄጂ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን መያዣ በቀስታ ወደፊት ግፊው። አዎ፣ የቀኙን፣ ወደፊት። መሪው ለአፍታ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ወደ ቀኝ ይጋደምና ይታጠፋል። በብስክሌት ሳታውቂው ስታደርጊው ኖረሻል። ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ30 እየሄድሽ ቀኝ ግፊ፣ ግራ ግፊ እያልሽ ሞክሪው። ይህን እጇ ያወቀ ሴት ኩርባ ላይ አትደርቅም፣ ምክንያቱም ኩርባው ቢጠብባት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች።

ፍሬን ሞተሩ ቀጥ ብሎ እያለ፣ ከኩርባው በፊት ይጨረሳል። ማርሹም እዚያው ይቀነሳል። ጎማው በእጁ ያለው አንድ እንጀራ ነው፤ ለፍሬን በቆረስሽለት መጠን ለኩርባው የሚተርፈው ያንሳል። ኩርባው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ነዳጅ በትንሹ፣ ሳይቆራረጥ ስጪ። ፍሪሲዮን አትያዢ። ከኩርባ ስትወጪ ሞተሩ እየቀና ሲመጣ ነው ነዳጅ የምትጨምሪው። ያን ቀን የኋላው ጎማ ሸርተት ያለው ከአደባባዩ ስትወጪ፣ ገና ተጋድመሽ እያለ ነዳጅ ጨምረሽ ሊሆን ይችላል፤ አስታውሺ እስቲ። የኋላው ሲሸራተት ነዳጁን በድንገት አትዝጊ፣ ፍሬንም አትንኪ። በቀስታ ቀነስ አድርጊና ወደምትሄጂበት ተመልከቺ፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ሳትወድቂ የቀረሽው የኋላው ስለነበረ ነው። የፊቱ ሲሸራተት ጊዜ አይሰጥም፣ ለዚህ ነው ተጋድመሽ የፊት ፍሬን አትጨብጪ የምለው።

ዓይንሽ ከሁሉም ይበልጣል። የፈራ ሰው የሚያየው ጉድጓዱን፣ ቦዩን፣ የቆመውን ባጃጅ ነው። ሞተር ደግሞ ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል። አገጭሽን አዙሪና የኩርባውን መውጫ ፈልጊ። መውጫው ካልታየሽ ፍጥነትሽ ለኩርባው በዝቷል፣ ከመግባትሽ በፊት ቀንሺ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ጎማሽ በራስሽ መስመር ቢሆንም ስትጋደሚ ጭንቅላትሽ ከመሃል መስመሩ አልፎ ይወጣል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ኩርባ ቆርጦ የሚመጣ አይሱዙ አለ። የመስመርሽን ቀኝ ያዢ።

ካፊያውን ሳልነካ አልጨርስም። ከሁሉም የሚያንሸራትተው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝናብ ነው፣ ዶፉ አይደለም። በበጋ አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይላቁጣል። ዶፍ ሲወርድ ይታጠባል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰማዩ ከጣና በኩል ሲጠቁር ካየሽ ወደ ዳር ውጪና አንድ ሻይ ጠጪ። የተወለወለ ኮብልስቶን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም፣ የድልድይ መጋጠሚያ ብረት ሲረጥቡ ሞተሩን ቀጥ አድርገሽ እለፊያቸው። ባጃጅ የሚቆምበት ጥግ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣ እዚያ ላይ አትታጠፊ። በወረታ መስመር ደግሞ ማሳ የሚያርስ ትራክተር ጭቃውን አስፋልት ላይ ይጥላል፣ የፎገራ ከብት ያለፈበትም እበት አለ። ኩርባ ላይ እነዚህን ስታዪ ከመጋደም በፊት ፍጥነት መቀነስ እንጂ ላዩ ላይ ሆኖ መጠምዘዝ አያዋጣም።

ክቡ ላይ በሁለቱም ጎን 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከቀለለሽ፣ በደረቅ ቀን ወደ በዛዊት የሚያወጣውን ዳገት ሞክሪ። ዳገት ለጀማሪ ከቁልቁለት ይሻላል፣ ነዳጁን ስትቀንሺ ሞተሩ ራሱ ይገታል። ስትወርጂ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ፍሪሲዮን ይዞ መንከባለል ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን እዚህ እርሺው። ከዚያ በኋላ ሥራ ካጋጠመሽ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ አለ። እሱ ያለ ልምምድ አይገባበትም፣ በልምምድ ግን ደስ ይላል።

እስከዚያ ሰው አትጫኚ። ከኋላሽ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ይዞ ይመጣል። አንቺ ወደ ቀኝ ስትጋደሚ እሱ ወደ ግራ ይቀመጣል። ጠርዙ ከተሟሸ በኋላ ስትጭኚ “ትከሻዬን ተከተል፣ አትቃወመኝ” ብለሽ ንገሪው፣ የኋላውንም አየር ጨምሪ።

የክቡን ልምምድ ከጨረስሽ በኋላ፣ በደረቅ አስፋልት በዝግታ እየዞርሽ አሁንም የሚሸራተት ከሆነ ፍርሃት አይደለም፣ እቃ ነው። ዘይት የነካው ጠርዝ፣ የተሳሳተ አየር፣ ወይም የደረቀ ጎማ ነው። ወደ ጎሚስታው ተመለሺና ቁጭ ብሎ አብሮሽ ይየው።

አሮጌዎቹን ጎማዎች ጠይቀሽኛል። ጥርሳቸው ካለቀ ወይም ጎናቸው ከተሰነጠቀ ለመጠባበቂያ ብለሽ አታስቀምጪ፣ አንድ ቀን ቸግሮሽ ትገጥሚያቸዋለሽ። የሞተር ጎማ ለበረባሶ እንኳ ይቀጥናል። ግቢሽ ውስጥ የተተከለ ችግኝ ካለ ግን ዙሪያውን ፍየል እንዳይደርስበት ማጠሪያ ይሆናል።